ዋደም ሲሞት ምን አለ?

አባታችሁን ቀብራችሁ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ሰው ተነስቶ፣ «ሊሞት ሲል እያለቀሰ የኖረበትን ሁሉ ረገመ» ብሎ ቢያሳትም ምን ታደርጋላችሁ? አንጀታችሁን አስራችሁ ዝም ትላላችሁ? ሜሂታቤል ዋደም ግን ዝም የምትል ሴት አልነበረችም።

ዕለቱ ቅዳሜ ነው። በአሽቢ ሂል መንደር እሑድ ምግብ ስለማይሠራ የሰንበቱ ባቄላ ከአሳማ ሥጋ ጋር በዋዜማው ምድጃ ውስጥ ይገባል። ሜሂታቤል ባቄላውን ስታማስል ጎረቤቷ ፔሸንስ ሀበርድ አንድ ትንሽ የታተመ ጽሑፍ ገበታው ላይ አኖረችላት። ርእሱ «የከሃዲው ዋደም የመጨረሻ ሰዓት» ይላል። ጸሐፊው የመንደሩ ቄስ አሳሄል ፕራት ነው።

«‹ያን ሕግ የጻፈች እጄ ትቆረጥ› አለ ይላል» አለች ሜሂታቤል አንብባ ስትጨርስ። «ያውም በታላቅ ድምፅ!»

«ታዲያ ምን ጎዳሽ? ቄሱ አባትሽን በንስሐ መንግሥተ ሰማያት አስገባልሽ እኮ!»

«አባቴ በሐሰት ምስክር የትም ገብቶ አያውቅም።»

አባቷ ኤሊፋሌት ዋደም አገሩ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ባመፀበት በአብዮቱ ዘመን ንጉሡን ፊት ለፊት የተቃወመ ሰው ነበር። ነጻነት ሲገኝ በግዛቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ አንዲት አንቀጽ አስገባ፤ ማንም ሰው ያላመነበትን ቤተ ክርስቲያን በግብር እንዲረዳ አይገደድም የምትል። እሱ ራሱ በአንድ ፈጣሪ ያምናል። ኢየሱስን ከሰው ሁሉ የበለጠ ጻድቅ ይለዋል፤ አምላክ ግን አይለውም። «እግዚአብሔር ዘበኛ አያስፈልገውም» ይል ነበር። አሁን መንደሩ በመጪው ማክሰኞ ተሰብስቦ ይህች አንቀጽ እንድትሰረዝ ሊጠይቅ ነው። የጻፋት ሰው ራሱ ከረገማት ማን ይሟገትላታል?

ዋደም ግን ሕመሙ ምላሱን አስሮት፣ በሞተበት ሳምንት ከማክሰኞ አንስቶ ዓርብ እስኪሞት ድረስ ቃል አልወጣውም። በአገሩ ልማድ ጎረቤቶች አልጋው አጠገብ በተራ ተቀምጠው አስታመውታል። ቄሱ ሐሙስ ዕለት ብቅ ሲል አልጋው አጠገብ የነበረው ተረኛው የፔሸንስ ወንድም፣ ዲያቆን ሎጥ ብቻ ነበር።

«ወንድምሽ ያውቃል» አለች ሜሂታቤል።

ፔሸንስ አንገቷን ደፋች። «ሎጥ ከቄሱ ጋር መጣላት አይፈልግም። አንቺም ተይው፤ ሴት በጉባኤ አትናገርም።»

«አልናገርም። ቄሱ ይናገርልኛል።»

እዚያ አገር ሐዘን የደረሰበት ቤተሰብ የጸሎት ልመናውን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይልካል፤ ቄሱም ለጉባኤው ጮክ ብሎ ያነብለታል። ቄስ ፕራት ወረቀቶቹን አስቀድሞ የማየት ልማድ አልነበረውም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ። እሑድ ጠዋትም እንደ ወትሮው ከፍቶ በዚያ በሚያምር ድምፁ ጀመረ።

«ሜሂታቤል ዋደም፣ በአባቷ ሞት ያዘነች፣ የጉባኤውን ጸሎት ትለምናለች። በአልጋው አጠገብ ለተቀመጡት ጎረቤቶች፣ እግዚአብሔር ምላሳቸውን ይፈታላቸው ዘንድ። አባቷ ከማክሰኞ ጀምሮ እስኪሞት አንዲት ቃል...»

ወረቀቱን አጠፈ። ሜሂታቤል ከወንበሯ ተነሳች።

«‹አልተናገረም› ነው የሚለው። ይጨርሱት እንጂ!»

«ይቀመጡ፣ ወይዘሪት! ሴት በጉባኤ ዝም ትበል!»

«እኔ ምን አልኩ? ያነበቡት እርስዎ ነዎት።»

ከኋላ ወንበር ሳቅ አመለጠ። የቄሱ ፊት ደም መሰለ።

«ለእኔ ነው የነገረኝ! በጆሮዬ፣ በሹክሹክታ!»

«በታላቅ ድምፅ ብለው ነው ያሳተሙት።»

ሳቁ ጠፋ። ሜሂታቤል ወደ ፊተኛው ረድፍ ዞረች። ዲያቆን ሎጥ ጭኑ ላይ ያኖረውን ባርኔጣ አፍጥጦ ያያል።

«አባቴ ተሳስቶ ይሆናል» አለች። «ከተሳሳተ በገዛ ስህተቱ ይፈረድበት፤ በእናንተ ውሸት መጽደቅ አይፈልግም! ዲያቆን ሎጥ፣ ሐሙስ ዕለት ውሃ በማንኪያ ያጠጡት እርስዎ ነዎት። ቄሱ ሲገቡም ሲወጡም እርስዎ ከክፍሉ አልወጡም። አባቴ ተናገረ ወይስ አልተናገረም? ነገ በጓሮ በኩል መጥተው እንዳይነግሩኝ። አሁን ይነሱና በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይመልሱ!»