ከታች የዘቀጠው ስኳር

ማታንዛስ የምትባል ከተማ እያለን እናቴ በሳሎናችን መስኮት፣ በብረቱ መሃል በረዶ ትሸጥ ነበር። የዘይቱን ፍሬ ጭማቂ በስኳር ትበጠብጥና በትናንሽ የፕላስቲክ ኩባያዎች ታረጋዋለች። ስኳሩ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በረዶውን ገልብጦ ከታች በኩል ነበር የሚጀምረው። ኤልፒዲዮ ብቻ ከላይ ይጀምርና ጣፋጩን በመስኮቱ ይመልስልኛል።

"ታችኛው ያንቺ ነው!"

እናቴ ታዲያ "ይሄ ልጅ የመጣው ለበረዶው ነው ለልጄ?" ትላለች። እንዲህ ያለውን ልጅ እንዴት አላገባውም! አገባሁት።

ባለፈው ዓመት ምላሱ ሥር ካንሰር ተገኘበት። የጨረር ሕክምናው የአንገቱን ቆዳ አጥቁሮ ላጠው፣ አፉንም በሙሉ አቆሰለው። ሆስፒታል የሰጡንን ቅባት አንገቱ ላይ በስሱ ስቀባው አይከለክለኝም፤ አፉን ግን አላስነካ አለ። ነርሷ "የካሞሜል አበባ ሻይ አፍልተሽ ያለ ስኳር በረዶ አርጊለት፤ በረዶውን ሲመጠው ቁስሉ ይደነዝዝለታል" ብላኛለች። በሳህን ሳቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ፓርክ ውስጥ ስለ ቤዝቦል ሲጨቃጨቅ ሰፈር የሚያውክ ሰውዬ፣ ድምፁን ከሰማሁ ስንት ቀኔ! "ነገ ጨረር አለህ" ስለው በጣቱ እምቢ አለኝ። ሊጨርስ ጥቂት ነበር የቀረው። ካቋረጠ በሽታው ሊያገረሽበት ይችላል። ተናደድኩ፤ ከንዴቴ ይልቅ ግን ፍርሃቴ ይብስ ነበር።

የእናቴን ኩባያዎች ከቁም ሳጥኑ አናት አወረድኩ። ካሞሜሉን በእነሱ አረጋሁና መስኮቱን ከፈትኩ።

"አንተ ሽማግሌ! በረዶ የሚፈልግ በውጭ በኩል ይምጣ። ለቤት ሰው አንሸጥም!"

ትክ ብሎ አየኝ። አበደች ብሎኝ ይሆናል። ከዚያ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ወጣ። ኩባያውን በመስኮቱ ብረት መሃል ሰጠሁት። ሲልሰው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ግን አልተወውም።

"ኔሬይዳ፣ ለእኛስ?" አለችኝ ጎረቤቴ ከደጃፏ።

"ሂጂ ወዲያ! ለባሌ ብቻ ነው።"

ግማሽ ላይ ሲደርስ ኩባያውን መለሰልኝ። በቃ፣ አቃተው አልኩ በልቤ።

"ታችኛው..." አለ በሰለለ ድምፅ፣ "ያንቺ ነው።"

ነከስኩት። ስኳር የለው ምን የለው፣ ሣር ሣር የሚል የረጋ ውሃ ነው።

"ይጣፍጣል" አልኩት።

"ውሸታም!"

በማግስቱ የጨረሩ ሰዓት ሲደርስ ኮሌታውን ከፍቶ፣ ቅባቱን በእጁ ይዞ፣ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።