በክርን የተጠበቀ እንቅልፍ

የአውቶቡስ ሹፌሩን ባልደረቦቹ «ወፍጮው» ይሉታል፤ ሲያንኮራፋ የማረፊያ ክፍሉ መስኮት ይንቀጠቀጣል እያሉ። ሰሞኑን ግን ቀልዱ አላሳቀም። ተሳፋሪ ጭኖ ቀይ መብራት ላይ እንደቆመ እንቅልፍ ሸለብ አደረገውና ከኋላ ያሉት መኪኖች በክላክስ ቀሰቀሱት። አለቃው «ሳትመረመር መሪ እንዳትነካ» አለው።

የደነገጠችው ሚስቱ ናት። ይዛው ልብ ክሊኒክ ሄደች፤ እዚያም ደረት ላይ የምትለጠፍ ትንሽ የልብ ምት መቅጃ ሰጧቸው፤ ሰውየው ለጥፏት አደረና ጠዋት አብረው ሄዱ።

ባለሙያዋ ቅጂውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተችው። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው የሚያነበው» አለች። «የብዙ ሺህ ሰዎችን የሌሊት የልብ ምት እያየ ነው የተማረው። ትንፋሽ ሲቋረጥ ልብ ዝግ ይላል፤ ሲመለስ ይሮጣል። እኛን የሚያመልጠንን እሱ ይለቅመዋል።»

ስክሪኑ ከሞላ ጎደል አረንጓዴ ነበር።

«አላልኩሽም?» አለ ሹፌሩ። «አንቺ እኮ መቃብሬን ልታስቆፍሪ ምንም አልቀረሽ።»

«ክፉ አታናግረኝ፣ አንተ ሰውዬ።»

ባለሙያዋ ግን ንጋት አካባቢ ያለች ቀይ ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ትንፋሽ መቋረጡን እዚህ ጋ ብቻ ነው የጠቆመን። እትዬ፣ ያን ሰዓት የት ነበሩ?»

«ልብስ ላጥብ ተነስቼ ነበር።»

«ከዚያ በፊትስ?»

ሴትዮዋ ባሏን ሰረቅ አድርጋ አየችው። «ከዚያ በፊትማ ትንፋሹ ጥፍት ሲል በክርኔ ጎሸም አደርገዋለሁ። ከተጋባን ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ ለምዶብኝ ተኝቼም እጎሽመዋለሁ።»

«እኔ ደግሞ ጎኔን የሚያመኝ ከአውቶቡሱ ወንበር ይመስለኝ ነበር» አለ ሹፌሩ።

ባለሙያዋ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ዛሬ ብቻውን ይተኛ።»

«ብቻውን? በዚያው ቢቀርብኝስ?»

«ልብስ ሲያጥቡም እኮ ራሱ እየባነነ ተንፍሷል። እርስዎ እየጠበቁት በሽታው ተሸሸገብን፤ ካላየነው ደግሞ አናክመውም።»

ሴትዮዋ እህቷ ቤት ሄዳ ተኛች፤ ተኛች ከተባለ። ጎኗ ባዶ ቢሆንም ክርኗ አላረፈም።

በማግስቱ ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ቀልቶ ጠበቃቸው። ሴትዮዋ ከወንበሯ ተነስታ ቀረብ ብላ አየችው። ስንት ዓመት በጨለማ ብቻዋን ስታዳምጠው የኖረችው ነገር ይኸው፣ ሰው ሳይመሰክር፣ ከልብ ትርታ ብቻ ተነብቦ ተዘርግቷል። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይባላል፤ ይህ ደግሞ ዓይን ሳይኖረው ልብን አየ።

«ይህ ማጣሪያ ነው» አለች ባለሙያዋ። «የእንቅልፍ ሐኪሙ በሙሉ ምርመራ ያረጋግጠዋል። ከሆነም አየር የሚገፋ ጭንብል አለ፤ ብዙ ሰው ድኖበታል። እስከዚያ ግን መሪ የለም።»

ሹፌሩ ያለ መሪ የኖረበትን ቀን አያስታውስም። ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ ስልኩን አወጣ። ሚስቱ አግዳሚው ወንበር ላይ ተደግፋ፣ ዓይኗን ከድና ሰማችው።

«አለቃ፣ በእኔ መስመር ሰው መድብ… ኧረ ከማንም አልተጣላሁም። የገዛ ልቤ መስክሮብኝ ነው። እስክታከም ድረስ ሰው አልጭንም።»