የኑሩ አገልግል

በፈረንጆች 1989 መጀመሪያ ላይ፣ በሎስ አንጀለስ መሀል ከተማ በተዘጋጀ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ለኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲም አንድ ጠረጴዛ ተሰጠው። የአገር ቤት ዕቃ ሰብስቦ ጠረጴዛውን የመሙላቱ ሥራ ለሰገነት ደረሳት። ሰገነት ሳንታ ሞኒካ ያለ አንድ ሆስፒታል ትሠራለች፤ ዕረፍቷ ማክሰኞና ረቡዕ ብቻ ነው። የኮሚኒቲው ኮሚቴ ጋሼ ቀለመወርቅ እንዲያግዟት ጠየቃቸው። ጋሼ ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ ባልድዊን ሂልስ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ወሬ የማያበዙ ሰው ናቸው።

ፌርፋክስ መንገድ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ሁለት መሶብ፣ ከአንዲት ነርስ ቤት የብር መስቀል፣ ከአንድ ተማሪ ክር የተበጠሰበት ክራር አገኙ። ጋሼ የባለቤቱን ስም በወረቀት እየጻፉ በየዕቃው ላይ በክር ያስሩበታል።

ኮሪያታውን ውስጥ ኑሩ የሚባል ታክሲ ነጂ ከአልጋው ሥር ቆዳው የተሰነጠቀ አገልግል አወጣላቸው። ከደሴ ሲወጣ እናቱ ስንቁን የቋጠረችበት ነው። ጅቡቲ እስኪገባ ከትከሻው አላወረደውም።

«መቼ ነው የምትመልሱልኝ?» አለ።

«እሑድ ይዘጋል፤ ሰኞ እናመጣልሃለን» አለች ሰገነት።

ጋሼ ወረቀቱ ላይ ከኑሩ ስም በታች «ሰኞ» ብለው ጨመሩበት።

ቅዳሜ ሰገነት ሥራ ገብታ ጠረጴዛውን የሚጠብቁት ጋሼና የኮሚቴው ሊቀ መንበር አድማሱ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ አንድ የከተማው ምክር ቤት አባል መጣ። አገልግሉን አንስቶ ክዳኑን ከፈተ፣ ዘጋ፣ አገላበጠው። በጣም እንደወደደው ተናገረ። አድማሱ ወረቀቱን ከክሩ በጠሰና «ይውሰዱት፣ የኮሚኒቲያችን ስጦታ ነው» አለው። ፎቶ ተነሡ። ጋሼ ነገሩ ገብቷቸው ከወንበራቸው እስኪነሡ ሰውየው ሄዷል።

«የሰው ዕቃ እኮ ነው!» አሉት አድማሱን።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ስንት ነገር ሊያደርግልን ይችላል። ለኑሩ ሌላ እገዛለታለሁ።»

«ሌላውን ለሰውየው ግዛለት።»

«ሰጥቼ መልስልኝ ልበለው? ነውር ነው!»

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ለኑሩ ስልክ ደወሉ። ዕቃው እጃቸው ላይ እንደሌለ፣ ለማን እንደተሰጠ፣ ሄደው እንደሚጠይቁ ነገሩት። ኑሩ «ኦኬ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ማክሰኞ ከሰገነት ጋር ወደ ሰውየው ቢሮ ሄዱ። ያለ ቀጠሮ አይገባም ተባሉ። ጋሼ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቢሮው እስኪዘጋ ተቀመጡ። ረቡዕም ተመልሰው እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ሌላ ቀን ብንመለስ አይሻልም?» አለች ሰገነት።

«በጣሊያን ጊዜ አስተርጓሚ ነበርኩ» አሉ ጋሼ። «አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ከአንድ መኮንን ጋር በየመንደሩ እየዞርን ባሕር ማዶ ለኤግዚቢሽን የሚላክ ዕቃ እንሰበስብ ነበር። ወንፊት፣ ኮርቻ፣ ቀንበር ሳይቀር። ‘የቅኝ ግዛታችን ሀብት’ ብለው ሊያሳዩት። አንዲት ሴት መሶቧን ስንወስድ ‘ልጄን ልድር ነው፣ መቼ ትመልሱልኛላችሁ?’ አለችኝ። መኮንኑ ‘አይመለስም በላት’ አለኝ። እኔ ‘ለመስቀል ይመለሳል’ አልኳት።»

«ለምን?»

«እንዳታለቅስብኝ ነዋ።»

«ከዚያስ?»

«መስቀል መጣ። እኔ በዚያ መንደር አላለፍኩም።»

ሰገነት ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠጋች።

አሥር ሰዓት ላይ ሰውየው ራሱ ወጣ። ጋሼ ተነሡ። «ዕቃው የኑሩ ነው። የሰጠህ ሰው የራሱን አልሰጠህም፤ ልትመልስልን ይገባል» አሉ። ሰገነት ፈራች። ትንሽ ስህተት ተፈጥሯል፣ ይቅርታ፣ ምናልባት የማያስቸግር ከሆነ ብላ ተረጎመችው።

ጋሼ እንግሊዝኛቸው ጥቂት ቢሆንም ይህችን ለመስማት ይበቃል። «እንዳልኩት ንገሪው፣ ልጄ» አሏት።

እንዳሉት ነገረችው። የሰውየው ፊት ቀላ። ወደ ቢሮው ተመለሰና አገልግሉን ይዞ መጣ። ውስጡ ለእንግዳ የሚቀርብ የሚንት ከረሜላ ተሞልቶ ነበር፤ ጸሐፊዋ ጠረጴዛዋ ላይ ገለበጠችው። አላወቅሁም ነበር ብሎ በሁለት እጁ ለጋሼ ሰጣቸው።

በዚያው ኮሪያታውን ሄዱ። ኑሩ በሩን ከፍቶ አገልግሉን ሲያይ ከእጃቸው ተቀበላቸው። ክዳኑን አንስቶ አሸተተ።

«ምን ነካው? ሚንት ሚንት ይላል» አለና ሳቀ። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ግቡ እንጂ፣ ጋሼ። ፓስታ ሠርተናል።»

ገብተው በሉ። አድማሱ ግን እስከ ፋሲካ ድረስ ጋሼን ሰላም አላላቸውም።