በዳኛው መጽሐፍ ላይ የለጠፍኳት አስተያየት

ቋ፣ ቋ የሚል የከዘራ ድምፅ ደረጃውን እየወረደ መጣ። አጎቴ የመጻሕፍት መደብሩን የከፈተው ምድር ቤት ውስጥ ስለሆነ ደንበኛ የሚታየን ከጫማው ጀምሮ ነው። የዚህኛው ጫማ ያበራል። ፊቱ ብቅ ሲል አጎቴ "ጉድ ፈላ!" አለ በሹክሹክታ። በቅርቡ የሕይወት ታሪካቸውን ያሳተሙት ጡረተኛው ዳኛ ነበሩ።

እኔ ባነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ የኋላ ሽፋን ላይ አስተያየቴን በብጣሽ ወረቀት ጽፌ እለጥፋለሁ። አጎቴ "አንድ ሰው ቅር ካለው ሁሉንም ትነቅላለህ" ብሎኛል። ከእነዚያ ብጣሾች ሌላ የኔ የምለው ነገር የለኝም።

ዳኛው የራሳቸውን መጽሐፍ ከመደርደሪያው መዝዘው የኋላ ሽፋኑን ገለጡ።

"ይሄን የጻፈው ማነው?"

"ጌታዬ፣ እነዚህ የሰፈር ልጆች..." አጎቴ እግሬን ረገጠኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"እስቲ አንብበው፣ የኔ ልጅ።"

ጮክ ብዬ አነበብኩ። "ችሎት ላይ ሁሌም ትክክል እሳቸው ናቸው፤ እዚያ ጋ እንቅልፍ ወስዶኛል። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ሸሚዝ መተኮስ ሲማሩ አንገትጌውን ያቃጠሉበትን ገጽ ግን ሁለቴ አነበብኩት። ምነው መጽሐፉ ከዚያ በጀመረ!"

አጎቴ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ አንዲት ቃል እንኳ ሳላለዝብ በማንበቤ ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ።

ዳኛው ብጣሿን እንዳትቀደድ ቀስ ብለው ላጧት፤ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና ደረጃውን ወጡ።