ሐያት ያጠበቻቸው ታፔቶች

አብሮ አደጌ ሙዐዊያ የሳቀብኝ በምሠራበት ጋራዥ፣ ሰው ሁሉ ፊት ነው። ጥፋቴ የጠየቀኝን መመለሴ ነበር። ለአሮጌ ፒክአፑ ሞተር ሁለት ካምሻፍት፣ ማለትም የሞተሩን ቫልቮች የሚያስከፍት ዘንግ፣ ቀርቦለታል፤ አንዱ አዲስ፣ ረጋ ያለ፣ ከታች ጀምሮ ጉልበት የሚሰጥ። ሌላው ከወደቀ የውድድር መኪና የተፈታ፣ ሞተሩ ሲጮህ ብቻ ኃይሉ የሚመጣ።

«ለጣርማ በር ዳገት አዲሱን ውሰድ» አልኩት።

«ያንተ እጅ ለአህያ ጋሪ ነው፣ ሷሊሕ። ስለ ፍጥነት ምን ያውቃል?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ቃሉን ግን ቂም አድርጌ ያዝኩት።

ራቢዓ የምትባል የጫት ነጋዴ ቅዳሜ ጫቷን ጭኖ ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ደብረ ብርሃን ቀድሞ ለደረሰ ሹፌር የዓመቱን ጭነት እሰጣለሁ ብላ ነበር። ሙዐዊያ ለዚህ ቀን ነበር የሚጣደፈው። ፒክአፑ የተገዛው በሚስቱ በሐያት የሰርግ ወርቅ ነው።

ሙዐዊያ የመረጠው ከውድድር መኪናው የተፈታውን ነው፤ ያገለገለ ካምሻፍት ደግሞ የሚገዛው ከነታፔቶቹ ነው። ታፔት በካሙ እብጠት እየተገፋ ቫልቩን የሚያስከፍት አጭር ብረት ነው። እያንዳንዱ ከገዛ እብጠቱ ጋር አብሮ ያረጀ ስለሆነ ቦታቸው ከተቀያየረ ይበላላሉ። ስለዚህ ስምንቱን በእንቁላል ካርቶን ላይ በተራ ደረደርኳቸው። ሙዐዊያ ግን «እዚህ ቢያድሩ ትለውጥብኛለህ» ብሎ ካርቶኑን ቤቱ ወሰደው።

ረቡዕ ጠዋት ሐያት ይዛው መጣች።

«ጋሼ ሷሊሕ፣ ከቤቴ የሚወጣ ዕቃ ቆሽሾ አይወጣም ብዬ አንድ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፌ በነጭ ጋዝ አጠብኳቸው» አለችኝ። ያበራሉ። የትኛው የት እንደነበረ ግን ከእንግዲህ የሚያውቅ የለም።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አዲሱን ካም ከነአዲስ ታፔቱ ገጥሜ ለቅዳሜ አደርስለት ነበር።

«እጅሽ ይባረክ» አልኳት።

ቀትር ላይ ዙህር ሰገድሁ። ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት የሚሉት ትዝ አለኝ፤ ትዝ ቢለኝም ተነስቼ ታፔቶቹን እንዳሉ ገጠምኳቸው።

ቅዳሜ ከደብረ ሲና በላይ ሞተሩ መንቋቋት ጀመረ፤ ከጣርማ በር ዋሻ በታች ቆመ። ጫቱ መንገድ ላይ ጠወለገ። ራቢዓ ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጠች።

እሑድ መኪናው ተጎትቶ መጣልኝና ሞተሩን ፈታሁት። የካሙ እብጠቶች ተልጠዋል፤ የብረት ፍቅፋቂው ከዘይቱ ጋር ዞሮ ሞተሩን ፈጅቶታል።

«ታፔቶቹን ማን ነካቸው?» አለ ሙዐዊያ።

«አሁን ስፈታው ነው የገባኝ፤ ከቤትህ ታጥበው፣ ተደበላልቀው ነው የመጡት» አልኩት።

ሐያት ምሳውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እኔ ነኝ ያጠብኳቸው» አለች።

«ወርቅሽን በገዛ እጅሽ አመድ አደረግሽው። ሂጂ፣ አሊዩ አምባ አባትሽ ቤት ግቢ። ወላሂ ከእንግዲህ ቤቴን አትረግጪም።»

እሷ ግን የምታየው እኔን ነበር።

«ጋሼ ሷሊሕ፣ እጅሽ ይባረክ ብለውኝ ነበር እኮ።»

ሙዐዊያ ወደ እኔ ዞረ። በዚያች ቅጽበት እንኳ መመለስ ይቻል ነበር።

«ካርቶኑን ሳልከፍት ነው ያልኩሽ፤ ማጠብሽንም አልነገርሽኝም» አልኳት።

መዋሸቴን አወቀች። የምሳውን ሳህን ከመፍቻዎቹ አጠገብ አስቀምጣ ወጣች። ሙዐዊያ ምሳውን አልነካውም። እኔ ግን ርቦኝ ነበርና በላሁት።