ቦታ የለቀቁት ቃላት

ኮምፒውተር የሚባለው ነገር ገና በወሬ በሚታወቅበት ዘመን ነው። ታይፒስቷ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የጽሕፈት መኪና ስትቀጠቅጥ ኖራለች፤ አንዲት ቃል ከዘለለች ገጹን ከነካርቦኑ አውጥታ እንደ አዲስ ትጀምራለች።

አንድ እሑድ ሬዲዮ ጠጋኝ ወንድሟ ለጥገና የመጣለትን፣ ከፊደል መምቻው በቀር ሌላ አካል የሌለው ትንሽ ኮምፒውተር ብብቱ ሥር ሸጉጦ መጣና ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘው።

"ይሄ ደግሞ ምን ሊሆን ነው?" አለችው።

"እትዬ፣ ዝም ብለሽ ጻፊበት።"

በቃሏ የምታውቀውን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ታንደቀድቀው ጀመር። አምስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ሁለተኛው ላይ አንድ ቃል መዝለሏን አየች።

"ወይ ጣጣ! በል ወረቀቱን ቀይርልኝ።"

ወንድሟ ሳቁን ዋጥ አድርጎ "የቱን ወረቀት? ወደ ላይ ተመለሺና እዚያው ጻፊው" አላት።

ጻፈችው። ከሥሩ ያሉት ቃላት በሙሉ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ጨዋ ሰዎች፣ ጠጋ ጠጋ ብለው ለአዲሱ ቦታ ለቀቁለት።

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቃሉን ብታጠፋው ተመልሰው ገጠሙ፤ ደግማ ብትጽፈው ደግመው ተጠጉ። የፍቀት ምልክት እንኳ የለም።

"ምነው እትዬ፣ ታለቅሻለሽ እንዴ?" አላት ደንግጦ።

"ዝም በልማ! ልየው" አለችና ለሦስተኛ ጊዜ ጻፈችው።