አንዱ ምት ቁም፣ ሁለቱ ምት ሂድ

ኬሙንቶ ወያላ ልትሆን ነው ሲባል የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሳቀ። ድምጿ ከጎረቤት አጥር የማያልፍ ሴት ናት። እሷ ግን ከካዋንግዋሬ ሰፈር መሀል ናይሮቢ በሚመላለስ፣ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ላይ የሦስት ቀን ሙከራ አገኘች። ሾፌሩ ሙሲዮካ ከተስማማ ሥራው የሷ ነው። ካልተስማማ ወደ ሰው ቤት ልብስ አጠባ መመለሷ ነው፤ ለዚያ ደግሞ አንጀቷ እምቢ ብሏል።

ወያላና ሾፌር የሚግባቡት በቆርቆሮ ነው። የመኪናውን ጎን አንድ ጊዜ ከመቱት ቁም፣ ሁለት ጊዜ ከመቱት ሂድ። ኬሙንቶ በጣቷ ጫፍ ትነካካው ነበር።

"አንቺ፣ የአማቶችሽ ቤት በር መሰለሽ እንዴ? ምቺው እንጂ!" ይላታል ሙሲዮካ።

ተሳፋሪ ስትጠራም ያው ናት። "እባካችሁ ግቡ" ትላለች። ማታቱ ደግሞ አይለምንም፤ ከለመነ ሰው ይጠረጥራል።

"ይቺ መኪና ፍሬን የላትም መሰለኝ፣ ወያላዋ ትለማመጣለች" አለ አንዱ፤ ሄዶም ከፊት በቆመው ሌላ ማታቱ ተሳፈረ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ማማ ሞራ የሚባሉ አሮጊት ጎመናቸውን ተሸክመው "ወራጅ አለ" አሉ። መኪናው ቆመ። አንድ እግራቸው መሬት፣ አንዱ ደረጃው ላይ እንዳለ፣ አጠገባቸው የቆመ የሌላ ማታቱ ወያላ የራሱን መኪና ሁለት ጊዜ ደበደበ። ሙሲዮካ የሷ ምት መስሎት ነዳ።

ኬሙንቶ "እባክህ" ለማለት ጊዜ አልነበራትም። በሙሉ መዳፏ ቆርቆሮውን አላጋችውና "ቁም!" ብላ ጮኸች። መኪናው ቀጥ አለ። አሮጊቷን ደግፋ አወረደቻቸው።

"እጅሽ ይባረክ ልጄ" አሉ ማማ ሞራ፤ "ይህን ድምፅ እስከ ዛሬ የት ደብቀሽው ነበር?"

ሙሲዮካ ላብ በላብ ሆኖ ዞረ። "ሁለት ጊዜ የመታሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"እኔ ብመታ ታውቀው ነበር!" አለች። ከአፏ እንደወጣ ውሸት መሆኑ ገባት። ሰው ሊሞት የነበረው ምቷ ስለማይታወቅ ነው። ፈራች፤ ከፍርሃቷ ይልቅ ግን በራሷ ተናደደች። "እሺ፣ እስከ ዛሬ አታውቀውም። ከአሁን ጀምሮ ታውቀዋለህ።"

ከሰዓት በኋላ ፌርማታው ላይ "ከተማ! ከተማ! ሁለት ሰው ብቻ!" እያለች ጠራች፤ አንድም እባካችሁ አላስገባችበትም። ድምጿ ሁለቴ ተሰነጠቀ፤ ሳቁባት፤ ደግማ ጠራች። መኪናው ሞላ። ሕፃን ያዘለች ሴት ገና መቀመጫ ስትፈልግ፣ ያ የጠዋቱ ወያላ እንደገና አጠገባቸው ቆሞ ሁለት ጊዜ ደበደበ።

ኬሙንቶ ወደ ሾፌሩ ዞረች። ሙሲዮካ ማርሹን እንደጨበጠ ነው፤ ንቅንቅ አላለም።

እናቲቱን አስቀመጠቻት። ከዚያ ጠዋት በተላጠው መዳፏ ሁለት ጊዜ መታች።

"ነገም አሥራ ሁለት ሰዓት፣ እንዳታረፍጂ!" አለ ሙሲዮካ፣ መኪናውን እያስነሳ።